ሲቆም የሚደክም ኤሲ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ጎብኚዎችን በአሮጌ ቶዮታ ሃይስ አመላልሳለሁ። ወደ ጎንደር ስጓዝ ኤሲው ደኅና ያቀዘቅዛል፤ በጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ሞተሩን ሳላጠፋ ስጠብቅ ግን ለብ ያለ አየር ይወጣል። ጋዝ ደጋግሜ ባስሞላም አልተሻሻለም። ችግሩ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ በጉዞ ላይ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲቆም የሚደክም ኤሲ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ኮንደንሰሩን ነው፤ ምክንያቱም ከመኪናው ውስጥ የተሰበሰበውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው እርሱ ሲሆን፣ በጉዞ ላይ ነፋሱ ቢያግዘውም በቆመበት ጊዜ የሚያበርደው ማራገቢያው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሲው ሲከፈት ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ መዞሩን ያረጋግጡ፤ በኮንደንሰሩ ላይ የተጠቀጠቀውን አቧራና የሐይቅ ዳር ነፍሳትም ሞተሩ ከበረደ በኋላ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ ውኃ ያሳጥቡ።

ጋዝ መደጋገሙን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ በመጋጠሚያዎች ላይ የሚታይ የዘይት ወዝም ብዙ ጊዜ ቦታውን ይጠቁማል። ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ ግፊቱ ንሮ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። መካኒኩ ከመሙላቱ በፊት የኤሲውን የሁለቱንም መስመሮች፣ የዝቅተኛውንና የከፍተኛውን፣ ግፊት በጌጅ ይለካ፤ ሁለቱም ዝቅ ካሉ ብዙውን ጊዜ ጋዝ ጎድሏል፤ የከፍተኛው መስመር ግፊት ከመጠን ካለፈ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኮንደንሰሩ ወይም የጋዝ መብዛት ነው።