መልስ፦ ዘይት እየቀባሁ ጥቅልል ፀጉሬ ለምን ይደርቃል?

እህቴ፣ አዳማ ከገባሽ ወዲህ በየቀኑ የኮኮናት ዘይት ብትቀቢም ከርሊ ፀጉርሽ እንደ ገለባ እንደደረቀ ጽፈሻል። ይገባኛል። የአዳማ ፀሐይና ንፋስ ቀላል አይደለም።

ፀጉርን የሚያርሰው ውሃ ነው። የዘይት ሥራ ያ እርጥበት ቶሎ እንዳይተን መያዝ ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ስትቀቢው ላዩ ያብለጨልጫል እንጂ ውስጡ አይርስም። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝም ጥቅልሉን ተከትሎ እስከ ጫፍ በቀላሉ አይደርስም። ጫፉ ቀድሞ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

እኔ ታጥቤ ስጨርስ በፎጣ አላሸውም። በአሮጌ ቲሸርት ጫን ጫን አደርገዋለሁ። መንጠባጠቡን ሲያቆም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት መዳፌ ላይ አሽቼ ከመሃል ወደ ጫፍ እቀባለሁ፣ በጣቴ እየከፈልኩ። ያኔ ጥቅልሉ ራሱ ሲሰበሰብ ታዪዋለሽ። ከደረቀ በኋላ ሚዶ አላስነካውም።

የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ከመታጠብሽ በፊት ብትቀቢው ይሻላል። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ በወይራ ዘይት አቅጥኚው። ፀጉር ያበዛል የሚባለውን ግን እኔ አላምንበትም። ቅቤ የእናቶቻችን ነው፣ እወደዋለሁ። በደንብ ካልታጠበ ግን አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል።

ፎሮፎር ካለሽ ዘይቱን ከራስ ቆዳሽ አርቂው፤ ፎሮፎሩን ሊያባብሰው ይችላል። ማታ የሳቲን ሻሽ አስሪ። ሁለት ሳምንት ሞክሪና እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።