የሞተር ሳይክል ዘይት፦ ጠይቁ፣ እየመለስኩ ነው

ሰላም ሞተረኞች፣ ስለ ዘይት ያላችሁን ወርውሩ ብዬ ነበር ብዙ ወረወራችሁ፣ እንደመጣ እመልሳለሁ። የትኛው ብራንድ ይሻላል ላላችሁኝ በጅምላ፦ ስሙን ተዉትና ጀርባውን አዙራችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

ጥ፦ የመኪና ዘይት ብጨምርበት ምን ይሆናል? ሁለቱም ቤንዚን አይደል የሚጠጡት?

መ፦ ነው፣ ግን መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው፣ ካምቢዮው (ማርሽ ቤቱ) የራሱ ዘይት አለው፣ የማኑዋል መኪና ፍሪሲዮንም (ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ማርሽ ያለው ሞተር ሳይክል ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ዘይት ፒስተኑንም ካምቢዮውንም ያለሰልሳል፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ እዛው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሰራው። እና ቀጫጭኖቹ የመኪና ዘይቶች፣ 0ደብሊው-20 5ደብሊው-30 የሚባሉት፣ ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብሎ ፍሪክሽን (ሰበቃ) የሚቀንስ ኬሚካል ብዙ ጊዜ ይገባባቸዋል። ለመኪና አሪፍ ነው፣ ፍሪሲዮን ግን የሚይዘው በፍሪክሽን አይደል እንዴ! ካልያዘ ታውቀዋለህ፣ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጃሶ ኤምኤ ወይ ኤምኤ2 የሚል ፈልግ። ጃሶ የጃፓኖች ደረጃ ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ ያወጡትም የመኪና ዘይት እየቀጠነ ሲሄድ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ስላስቸገረ ነው። ኤምኤ ራሱ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ይከፈላል፣ ኤምኤ2 ከኤምኤ1 ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሌላ ምልክት ልስጥህ፣ ጀርባው ላይ ያለው ክብ የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ማህተም ከታች በኩል ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ (ነዳጅ ቆጣቢ) ካለ መልሰህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው።

ጥ፦ እኔ ስኩተር ነው ያለኝ፣ ኤምቢ የሚል አገኘሁ፣ ይሆናል?

መ፦ ለአንቺ ይሆናል እህቴ፣ ማኑዋሉ ሌላ ካላለ። ኤምቢ ያው የጃሶ ደረጃ ነው፣ ግን ፍሪክሽኑ ከኤምኤ ያነሰ። በቺንጋ (ቀበቶ) የሚሄድ ስኩተር ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነ ቢያሟልጭም ግድ የለም። ማርሽ ላለው ሞተር ግን ኤምቢ አይነካም። ደሞ ኋላ ጎማ ጋ ያለውን የማርሽ ዘይት አትርሺ፣ ትንሽዬ ነገር ናት ለብቻዋ ነው የምትቀየረው፣ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም።

ጥ፦ 10ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 ልዩነቱ ምንድነው? መካኒኬ ወፍራም ሁሌ ይሻላል ይላል።

መ፦ ሁሌ የሚለው ላይ አልስማማም። ደብሊው ዊንተር ነው፣ ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚሆን ነው የሚነግርህ፣ አነስ ባለ ቁጥር ጠዋት ስታስነሳው ቶሎ የሞተሩ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። ኋላ ያለው 40 ወይ 50 ደግሞ ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚለካው። በአየር የሚቀዘቅዝ የቆየ ሞተር ሙቀት ውስጥ ተጭኖ የሚሰራ ከሆነና ማኑዋሉ ከፈቀደ 20ደብሊው-50 ጥሩ ነው፣ መካኒክህ ያየው እሱን ይሆናል። ለ10ደብሊው-30 የተሰራ አዲስ ሞተር ላይ ስትጨምረው ግን ጠዋት ዘይቱ ይዘገያል፣ ጉልበትም ነዳጅም ይበላል። ጭስ ለማጥፋት ብላችሁ የምታወፍሩ ደግሞ አላችሁ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ካለቀ ዘይት አይመልሰውም፣ ለትንሽ ጊዜ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ።

ጥ፦ ቀይሬው ብዙም ሳልነዳ ጠቆረ፣ ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

መ፦ በመጥቆሩ ብቻ አትፍረድ፣ ቆሻሻውን እያጠበ ነው። እኔ የሚያስፈራኝ ወተት የገባበት ሻይ ሲመስል ነው፣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ስለምትነዳውና ስለማይሞቅ ሊሆን ይችላል፣ ራዲያተር ያለው ከሆነ ግን በውስጥ እያፈሰሰ ስለሚሆን ቶሎ አሳየው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ልኩ ከፍ ካለ ደግሞ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ተመልከት፣ ቤንዚን እያሳለፈ ዘይቱን እያቀጠነው ነው፣ እንደዛ እያለ አትንዳው።

ጥ፦ ሲንተቲክና ሚነራል (በፋብሪካ የተቀመመና ከድፍድፍ የተጣራ) ዘይት ቢቀላቀል?

መ፦ መንገድ ላይ ከጎደለ ቀላቅል፣ ዘይት ጎድሎ ከመንዳት መቶ እጥፍ ይሻላል፣ ጃሶ ኤምኤ ብቻ ይሁን። የሲንተቲኩ ጥቅም ግን ይቀንሳል።

ጥ፦ ቱ ስትሮክ አለችኝ፣ የተረፈኝን 4ቲ (የፎር ስትሮክ ዘይት) ቤንዚኑ ጋ ልቀላቅል?

መ፦ ኧረ በፍጹም! እሱ እንዲቃጠል ተብሎ አልተሰራም፣ ካንዴላውን ያቆሽሻል ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ይደፍናል። 2ቲ (የቱ ስትሮክ ዘይት) ግዛ፣ ጃሶ ኤፍሲ ወይ ኤፍዲ የሚል፣ ኤፍዲ የበለጠ ንጹህ ነው። 50 ለ 1 ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው፣ 25 ለ 1 ከተባለ 40፣ በአይን አይገመትም።

ጥ፦ ሊትሩን ሙሉ ጨመርኩት፣ አሁን የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ዘይት አገኘሁ፣ መለኪያው ግን ልክ ነው የሚለው። ስለካ በጎን መቆሚያው ነው የማቆማት።

መ፦ ወንድሜ እሱ ነዋ! በጎን ስታጋድል መለኪያው ይሳሳታል። ጣሳው 1 ሊትር ስለሆነ ሞተሩም 1 ሊትር ይወስዳል ማለት አይደለም፣ ትንንሾቹ ከዛ በታች የሚወስዱ ብዙ ናቸው፣ ሲበዛበት በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው ይተፋዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነሳት፣ አጥፋት፣ ትንሽ ጠብቅና ቀጥ አድርገህ አቁመህ ለካ። ዘንግ መለኪያ ከሆነ ጠርገህ መልሰህ አስገባው፣ ብዙዎቹ ላይ ሳታጠብቀው ነው የሚለካው፣ የአንተን ማኑዋል እየው። ከላይኛው መስመር ካለፈ የታች ቡሎኑን ፈትተህ ትርፉን አፍስስ፣ መልሰህ ስታስረው አዲስ ሮንዴላ (ከቡሎኑ ስር የሚገባውን ቀለበት) አድርግበት፣ ደሞ በጉልበት አትጥመድ ቤቱ አልሙኒየም ነው ጥርሱ ይላጣል። ማጣሪያው ከራሰ አጽዳው ወይ ቀይረው፣ ከዛ እንደገና ለክተህ የት ጋ እንደቆመ ንገረኝ።