አባባ ከዊልቸሩ ለምን ይንሸራተታሉ?

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጻፈችልኝ እህታችን ነገሩን እንዲህ ታስረዳለች። አባቷን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ቀኝ እጅና እግራቸው ግን ደህና ነው። ምድር ላይ ባለው ቤታቸው ውስጥ ሰው ሳያስቸግሩ፣ በእግራቸው እየገፉ መንቀሳቀስ ይፈልጋሉ። ዊልቸሩ በእርዳታ የተገኘ ነው። ትንሽ ሄድ እንዳሉ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። እሷም በነጠላ ወገባቸውን ከወንበሩ ጋር ታስራቸዋለች። «ሌላ ልግዛ ወይስ ይሄው ይስተካከላል?» ነው ጥያቄው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ነጠላውን ፍቺው። ሲንሸራተቱ ወደ ደረታቸው ይወጣና ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ደግሞም መፍትሔው ማሰር አይደለም፤ ወንበሩ ከፍ ብሎባቸዋል።

የላክሽውን ልክ እንየው። ከጉልበታቸው ጀርባ እስከ ተረከዝ፣ ከነጫማቸው፣ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። መቀመጫው ከመሬት 50። ላዩ ላይ 7 ሳንቲ ስፖንጅ አድርገሻል፤ ሲቀመጡበት ተጨፍልቆ 5 ቢቀር ከፍታው 55 ሆነ። በ10 ሳንቲ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። መሬት ለመንካት ዳሌያቸውን ወደ ፊት ማስኬድ ግድ ይላቸዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው «ምነው አርፈው ቢቀመጡ» ብሎ ይቆጣቸዋል።

በእግር የሚገፋ ሰው በጣቱ አይደለም የሚሄደው። ተረከዙን ፊት ለፊት ተክሎ፣ ጉልበቱን እያጠፈ ወንበሩን ወደ እግሩ ይስባል። ስለዚህ ዳሌው መደገፊያው ድረስ ገብቶ ሳለ ሙሉ እግሩ መሬት መርገጥ አለበት። የመቀመጫው ጫፍም ከጉልበት ጀርባ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ አለዚያ ጉልበት ባጠፉ ቁጥር ይፈገፍጋቸዋል።

ሌላ ከመግዛትሽ በፊት የኋላ ጎማው የታሰረበትን ቦታ ተመልከቺ። ብዙዎቹ ታጣፊ ወንበሮች እዚያ ላይ ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ጎማው ወደ ላይኛው ሲዛወር መቀመጫው ወደ 44 አካባቢ ይወርዳል። የኋላውን ብቻ ዝቅ አድርጎ «ጨርሻለሁ» የሚል ሠራተኛ እንዳያታልልሽ። እንዲያ ከሆነ ወንበሩ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎችም ሲሄዱ ይንቀጠቀጣሉ። እነሱም በያዛቸው ሹካ መሰል ብረት ላይ ወዳለው ላይኛው ቀዳዳ ይውጡ።

ስፖንጁን ደግሞ ጨርሰሽ እንዳታነሺው። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው፣ በተለይ ስሜቱ የቀነሰ ከሆነ፣ ሳያመው ይቆስላል። ጠንከር ያለ፣ ሲቀመጡበት 3 ሳንቲ የሚቀር ፈልጊ። 44 እና 3፣ 47። ቀሪዋን 2 ሳንቲ በመቀመጫው እናገኛታለን። የረገበውን ጨርቅ አንስተሽ፣ በሁለቱ ቧንቧዎች መሃል ኮምፔንሳቶ በብረት ማንጠልጠያ ዝቅ አድርጎ የሚሰቅልልሽ አናጢ አታጪም። ወገባቸውም ቀጥ ይላል። ወንበሩ ሁለተኛ ቀዳዳ ባይኖረው እንኳ ይኸው ዘዴ ጠለቅ ተደርጎ ሊሞከር ይችላል። ብየዳ ቤት ወስደሽ ግን አታስቆርጪው፤ ቧንቧው ስስ ነው፣ ከመገጣጠሚያው ይሰበራል።

የቀኝ እግር ማሳረፊያውን አውልቂ። የግራው ይቆይ፤ የማይታዘዘው እግር መሬት ከተጎተተ ጎማው ስር ይገባል። የግራውን ፍሬን እጀታ በቁራጭ ቧንቧ አስረዝሚላቸው፣ በቀኝ እጃቸው እንዲደርሱበት። በቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ተረከዝ ያለውና ሶሉ ጎማ የሆነ ይሁን።

በአንድ እጅ የሚነዱ፣ ሁለት መግፊያ ቀለበት በአንድ ጎን ያላቸው ወንበሮችም አሉ። ከባድ ናቸው፣ ለመልመድም ያስቸግራሉ። እግራቸው እየሠራ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ደጅ ሲወጡ ሌላ ነገር ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ትንንሾቹ ጎማዎች ስንጥቁ ውስጥ ይገቡና ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል። እዚያ ቀኙን ማሳረፊያ መልሰሽ ሰው ይግፋቸው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዞረሽ፣ ወደ ኋላ እየሄድሽ አውርጃቸው። ብቻቸውን እንዳይሞክሩት።

ጎማውን ካዛወርሽ በኋላ ፍሬኑ ቦታውን እንደሚስት አትርሺ። ጎማውን አጥብቆ እስኪይዝ ብሎኑን ፈትተሽ አስጠጊው፣ ቆልፈሽም በእጅሽ ገፍተሽ ሞክሪው። ከዚያ አባባን አስቀምጪ።