ስለ ሄሊዮስና ስለ አዲሱ 50፦ ሰርግም ጓሳም ማንሳት ለሚፈልገው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሰርግ ማንሳት ጀምረሃል፤ በእጅህ ያለው ባለመስታወት ክሮፕ ሴንሰር (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም፣ ማለትም ከፊልሙ ሙሉ ልክ፣ ያነሰ) ካኖን አብሮት ከሚሸጠው 18-55 ኪት ሌንስ ጋር ነው። አሁን አንድ ሰው ሄሊዮስ 44-2 የሚባለውን፣ በእጅ ብቻ ፎከስ የሚደረገውን አሮጌ የሶቪየት 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በርካሽ ሊሸጥልህ መጥቷል፤ አንተ ደግሞ እሱን ልግዛ ወይስ ትንሽ ቆጥቤ ፎከሱን ራሱ የሚያደርገውን አዲሱን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ልያዝ ትላለህ። መንዝ ጓሳ ወጥተህ ጭላዳ የማንሳት ሐሳብም አለህ።

አዲሱን 50 አስቀድም። ይህን የምልህ አሮጌ ሌንስ ጠልቼ አይደለም፤ ሄሊዮስ አለኝ፣ እወደዋለሁ፣ ዛሬም እሠራበታለሁ። ግን ሌንስ ስመርጥ የምጠይቀው የማነሳው ነገር ይጠብቀኛል ወይ ብዬ ነው። ሰርግ አይጠብቅም። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል የአባት የእናቷን ጉልበት የምትስመው አንዴ ነው። ዘመድ ከቧታል፣ ሚዜው በፊትህ ያልፋል፣ ክፍሉ ጨለማ ነው። እዚያ መሀል ፎከስ በእጅ እያዞሩ መፈለግ ከባድ ነው፤ ያቺ ፎቶ ካመለጠች ደግሞ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው እሷን ብቻ ነው።

ያንተ ካሜራ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የዱሮ ፊልም ካሜራዎች በእጅ ፎከስ እንዲደረግባቸው የተሠሩ ናቸው። የዛሬዎቹ ባለመስታወት ዲጂታሎች ግን በዓይን ማያው ውስጥ ያለው ስክሪናቸው ለደካማ ዙም ሌንስም ብሩህ ሆኖ እንዲታይ ስለተሠራ፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 2 ላይ ፎከሱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በትክክል አያሳይህም። በዓይንህ ጥርት ያለ መስሎህ ታነሳለህ፤ ቤት ገብተህ ስታየው ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ጠርቷል። ላይቭ ቪው (ምስሉን በኋላ ስክሪን ማየት) ከፍተህ 10 እጥፍ አጉልተህ ብታይ ይስተካከላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዝም ብሎ ለሚቀመጥልህ ሰው ነው።

ያ ሰዉ ሁሉ የሚወደው የሄሊዮስ ሽክርክሪት ጀርባም አለ። እሱ ጎልቶ የሚወጣው በፎቶው ዳርና ዳር ነው። ብዙዎቹ ያየሃቸው ፎቶዎች በፉል ፍሬም የተነሱ ናቸው፤ ያንተ ሴንሰር ዳሩን ቆርጦ መሀሉን ብቻ ይወስዳል። በዚህም የሄሊዮሱ 58 ሚሊ ሜትር በ1.6 ተባዝቶ በፉል ፍሬም 93 አካባቢ እንደሚያሳየው ስለሚሆን፣ በጠባብ ክፍል ፊት ብቻ የሚይዝ ሌንስ ይሆንብሃል። የመስታወቱ ቅብም የድሮ ስለሆነ ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል፤ የነጭ ሐበሻ ቀሚስ ጥለትን በዚያ ማውጣት አድካሚ ነው። 50ው በበኩሉ ከኪትህ ጋር ሲነጻጸር፣ 55 ላይ አፐርቸሩ ከ5.6 በላይ ስለማይከፈት፣ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማታ ድንኳን ውስጥ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ጓሳ ግን ሌላ ነው። እዚያ አሮጌ ሌንስ ግዛ እልሃለሁ፤ ሄሊዮሱን ሳይሆን 135ቱን። ጁፒተር 37ኤ የሚባለው፣ አፐርቸሩ 3.5፣ ባንተ ካሜራ ላይ 216 ያህል ይሆናል። ጭላዳ አብዛኛውን ቀን ቁጭ ብሎ ሣር ሲነቅል ነው የሚውለው፤ ጊዜ ይሰጥሃል። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳና ጎፈሩ በጠዋት ብርሃን፣ ፎከሱን ረጋ ብለህ ዓይኑ ላይ አስቀምጠህ ስታነሳው፣ ሌንሱ አሮጌ ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። በርኖስ ለብሰው ፀሐይ የሚሞቁ አባቶችንም አስፈቅደህ እንዲሁ ታነሳለህ። ቀይ ቀበሮን ግን ለዚህ አትመኝ፤ አይጥ ሲያድን ይፈጥናል። መንዞች በራሳቸው ደንብ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ምድር ነውና ለፎቶ ብለህ አውሬውን አታባርር።

አሮጌ ስትገዛ ከሁሉ በፊት የስልክህን መብራት ከኋላ አብርተህ በሌንሱ ውስጥ እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ካለ ፈንገስ ነው፣ ተወው። የአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ዘይት እንዳለ እይ፤ የፎከስ ቀለበቱን ከዳር እስከ ዳር አዙር። ቀትር ላይ ትንሽ የከበደ ቀለበት ጓሳ ጠዋት ቅባቱ ሲረጋ ጨርሶ ላይዞር ይችላል። ሁለቱም ሌንሶች ኤም 42 በሚባል የሚጠመዘዝ ጥርስ የሚገቡ ናቸው፤ ለካኖንህ መስታወት የሌለው ተራ አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይበቃል። ባለመስታወት ኒኮን ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ በተራ አዳፕተር ሩቅ ያለውን ፎከስ አያደርግላችሁም።

ለአዲሱም ለአሮጌውም የጣርማ በርን ጉም ፍራ። ከዚያ ብርድ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ስትወርድ፣ ወይም ቤት እሳት ዳር ስትገባ፣ ሌንሱን በፕላስቲክ አስረህ ቦርሳ ውስጥ ተወው፤ እስኪሞቅ አትክፈተው። ከጫማ ካርቶን የምታገኛትን እርጥበት የምትመጥ ከረጢትም አትጣላት።

እስከዚያው ሄሊዮሱ ካማረህ፣ የኔን ከነአዳፕተሩ ወስደህ ሰርግ በሌለህ ቅዳሜ ሞክረው። የካሜራህን ሞዴል ጻፍልኝ።