መልስ፦ ልጄ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ኮንቬንሽን (የካርቱን፣ የፊልምና የጌም አድናቂዎች ዝግጅት) መሄድ ይፈልጋል፣ ልፍቀድለት?

እህቴ፣ እኔ ብሆን እፈቅድለታለሁ። ኮስፕሌይ ላይ፣ ማለትም እንደ ካርቱን፣ ፊልም ወይም ጌም ገጸ ባሕርይ ለብሶ መቅረብ ላይ፣ ወንዱ ሴት፣ ሴቷም ወንድ ገጸ ባሕርይ መሆናቸው የተለመደ ነው። መድረክ ላይም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በጃፓን ካቡኪ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች ከታገዱ ወዲህ የሴቶቹን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው።

«ለምን እሷን መረጥክ?» ብለሽ ጠይቂው፤ እንደ መርማሪ ግን አይሁን። መልሱ «ሰይፏ ስለሚያምር» ብቻ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ትርጉም አትፈልጊለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ልብሱ ሳይሆን ፎቶው ነው። እዚያ ካሜራ የያዘ ሰው ብዙ ነው። ካልፈለገ «አይ፣ አልነሳም» ማለት እንደሚችል ቀድመሽ ንገሪው። አንቺም ሳታስፈቅጂው ፎቶውን አትለጥፊ። የሚያሾፍ ካጋጠመው ምን እንደሚል አብራችሁ ተለማመዱ። ቅያሪ ልብስም ያዙ፤ መሀል ላይ ሊደብረው ይችላል።

ዊጉንና ጫማውን ቤት ውስጥ ለብሶ ይሞክር። ተረከዙ ረጅም ከሆነ ቀኑን ሙሉ አይቻልም፣ እመኚኝ!

አባቱ ቅር ካለው ለብቻችሁ ተነጋገሩ። ልጁ ፊት አትከራከሩበት።