ጠያቂና መላሽ፦ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ዋስትናውና ዕቁቡ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት በወር 15,000 ብር ቀጠረኝ። ወሩ ሲደርስ ሂሳቤ ውስጥ የገባው ግን 10,750 ብር ነው። ፋይናንስ ክፍል ብጠይቅ «ግብርና ጡረታ ነው» ብለው ሸኙኝ። ተበልቼ ይሆን?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አልተበላህም፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን በሰው ቃል ብቻ አትመን፤ ራስህ አስላው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ (ቁጥር 1395/2017) ከደመወዝህ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ይህ 300 ብር ነው። እስከ 7,000 ያለው በ20 በመቶ 600 ብር፣ እስከ 10,000 ያለው በ25 በመቶ 750 ብር፣ እስከ 14,000 ያለው በ30 በመቶ 1,200 ብር ይሆናል። የቀረችው 1,000 ብር በ35 በመቶ 350 ብር ትከፍላለች። ድምሩ 3,200 ብር። በዚህ ላይ የጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,050 ብር ሲጨመር 4,250 ብር ወጣ። የሂሳብ ሠራተኞች በአቋራጭ የሚሠሩት 15,000ን በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 በመቀነስ ነው፤ ውጤቱ አንድ ነው። ግብሩ ጡረታው ተቀንሶ በቀረው ላይ እንደሚሰላ የሚያስቡ አሉ፤ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላው ነገር «ከ14,000 ካለፍኩ ሙሉ ደመወዜ 35 በመቶ ይቆረጥበታል» የሚለው ነው። ከ14,000 ወደ 14,500 ብታድግ ከተጨመረችው 500 ብር 290ው እጅህ ይገባል፤ የቀድሞው አይነካም። ስለዚህ ግብር ፈርቶ የደመወዝ ጭማሪ እምቢ ማለት የለም።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ያልተጣራ ነው ወይስ በእጅ የሚገባ?» ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። «በእጅ 15,000» ቢሉህ ኖሮ ጥቅል ደመወዝህ 22,328 ብር ገደማ መሆን ነበረበት። ልዩነቱን አየኸው?

አሁን የደመወዝ ዝርዝሩን በወረቀት ጠይቅና ያዝ። አሠሪህም በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር ወጥቶልህ እንደሆነ አረጋግጥ። ከአንተ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ አለና። አንዳንዱ ደግሞ «ግብር እንዲቀልልህ በመዝገብ 6,000 እናድርገው፣ ቀሪውን በእጅ እንስጥህ» ይላል። እንዳትስማማ። የትርፍ ሰዓት ክፍያህ፣ የሥራ ስንብት ክፍያህ፣ ጡረታህና የሥራ ልምድ ደብዳቤህ ሁሉ በዚያች 6,000 ይሰላሉ፤ በእጅ የሚሰጥህ ቢቀርና ብትከራከርም ማስረጃ የለህም።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። የአክስቴ ልጅ በአንድ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ፣ «ከመሥሪያ ቤትሽ የዋስትና ደብዳቤ አጽፊልኝ» ይለኛል። እምቢ ካልኩ አክስቴ ትቀየመኛለች። ምን ላድርግ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የምትፈልጊው ቁጥር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። «ለሚያጎድለው ገንዘብ ሁሉ» የሚል ወረቀት ሕግ ፊት ሊወድቅ ይችላል፤ ሆኖም ያንን ለማስወደቅ ፍርድ ቤት ስትመላለሺ የምትከፍይውም ዕዳ ነው። ቁጥሩ ካለ ደግሞ ከደመወዝሽ ጋር አስተያዪው። 10,000 ብር ለምታገኝ ሰው የ200,000 ብር ዋስትና ፊርማ ሳይሆን የዓመታት ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ደብዳቤው ላይ ሁሉም ስለሚጽፋት ማንም አያነባትም። ይህች ካለች ድርጅቱ የአክስትሽን ልጅ አስቀድሞ መጠየቅ ሳያስፈልገው በቀጥታ አንቺን መክሰስ ይችላል። ከሌለችና ተራ ዋስ ከሆንሽ ግን መጀመሪያ በእሱ ንብረት ላይ ይምጣ ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ገንዘብ ያዥ ደግሞ ጉድለት የሚያገኘው ሌባ ሆኖ ብቻ አይደለም። ደረሰኝ ሲጠፋ፣ ቀን ሙሉ ቆጥሮ ማታ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ሳጥኑን ለተተኪ ሳያስረክብ ፈቃድ ሲወጣም ይጎድልበታል።

ከተስማማሽ እነዚህን አስጽፊ፦ የብር ጣሪያ (ከሦስት ወር ደመወዝሽ ባይበልጥ እንመክራለን)፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን፣ እና የሥራ መደቡ ስም። ከገንዘብ ያዥነት ወደ ንብረት ክፍል ቢዛወር ዋስትናሽ አብሮት እንዳይዛወር ነው። ቅጂ ያዢ። ልጁ ሥራ ሲለቅ ወይም ሌላ ዋስ ሲተካ ከዚያ ድርጅት «ከዋስትና ነጻ ናት» የሚል ደብዳቤ ተቀብለሽ የራስሽ የሰው ኃይል ክፍል ፋይል ውስጥ አስገቢ። ይህን የዘለሉ ከዓመታት በኋላ የተሻለ ሥራ አግኝተው ሊለቁ ሲሉ ክሊራንስ ላይ ይያዛሉ፤ መሥሪያ ቤታቸው ለዚያኛው ድርጅት «ሠራተኛዋ ስትለቅ እናሳውቃለን» ብሎ ጽፎ ነበርና።

እምቢ ማለት ከፈለግሽስ? ቅያሜው የሚቀለው አማራጭ ይዘሽ ስትሄጂ ነው። ብዙ ድርጅት በሰው ዋስ ፈንታ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ይቀበላል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ለሠራተኛ ታማኝነት የሚሰጥ መድን አላቸው፤ አሠሪው ይገባበት እንደሆነ የአክስትሽ ልጅ ይጠይቅ። የመሥሪያ ቤትሽንም ደንብ አስቀድመሽ እዪ፤ ለአንድ ሠራተኛ ከአንድ በላይ የዋስትና ደብዳቤ የማይጽፍ ከሆነ፣ ለራስሽ ወንድም የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን 12 ሰዎች በወር 2,000 ብር የምንጥለው ዕቁብ ሊጀመር ነው። ባንክ ማስቀመጥ አይሻለኝም?

መልስ፦ ዕጣሽ በሚወጣበት ጊዜ ይወሰናል። መጀመሪያ የደረሰው 24,000 ብር ወስዶ 22,000ውን ያለ ወለድ በ11 ወር ይመልሳል፤ እንዲህ ያለ ብድር ባንክ የለም። የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ ያስቀመጠ ነው፤ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጠው ወደ 770 ብር ይጨመርለት ነበር። የዋጋ ንረቱን ስትቆጥሪ ኪሳራው ከዚያም ይሰፋል። ያም ሆኖ 2,000 ብሩን በየወሩ ማንም ሳያስገድድሽ ማስቀመጥ ካልቻልሽ፣ 770 ብር ለዕቁብ ዳኛው ቁጣ የተከፈለ ርካሽ ዋጋ ነው።

ዕጣ መግዛት ግን ተጠንቀቂ። በሁለተኛው ወር የደረሰውን ሰው 3,000 ብር ከፍለሽ ብትተኪው፣ ያ ክፍያ በዓመት ሲሰላ ከ30 በመቶ በላይ ወለድ ነው። ለድንገተኛ ሕመም ይሁን፤ ለስልክ አይሆንም።

ዕቁብ የሚፈርሰው ቀድሞ የወሰደ ሰው ሥራ ሲለቅ ነው። መድኃኒቱ የቆየ ነው፦ የሚወስድ ሰው ዋሱ ገና ዕጣ ያልደረሰው አባል ይሁን። የዋሱ ብር እዚያው ስላለ የጎደለው ከእሱ ዕጣ ይቀነሳል። የወሰደ ለወሰደ ዋስ ከሆነ ግን የሚያዝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሳይሞላኝ የተሻለ ተገኘ። ዝም ብዬ ብሄድ ችግር አለው? ኮስት ሼሪንጉስ (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳዬ)?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ውልህ ላይ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካለና ካላለቀ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ። ካለፈ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፤ ዝም ብለህ ብትጠፋ እስከ 30 ቀን ደመወዝህ ድረስ በካሳ ልትጠየቅ ትችላለህ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተህ አንዱ ላይ የደረሰበት ቀንና ማኅተም አስመትተህ ያዝ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የቆየህበትን ጊዜና ደመወዙን መያዝ አለበት። «የሥራ ግብር ተከፍሎበታል» የምትለዋን መስመር አስጨምር፤ ብዙ ቀጣሪ እሷ የሌለችበትን ልምድ አይቆጥርም። ኮስት ሼሪንግ ከደመወዝህ ሲቆረጥ ከነበረ በጠቅላላ ስንት እንደተቆረጠና ለገቢዎች ገቢ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰኞቹ ቅጂ ጋር ሳትወስድ አትውጣ። አለበለዚያ ኦርጅናል ዲግሪህን ለማውጣት የሄድክ ዕለት የከፈልከውን እንደገና ትጠየቃለህ፤ የቀድሞ መሥሪያ ቤትህ የፋይናንስ ሠራተኛም እስከዚያ ተቀይሮ ይሆናል።