የፊት ቁጥርና የግርጌ ቁጥር

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ኢኩዌሽን ባላንስ ሳደርግ (በግራና በቀኝ ያሉትን አቶሞች ሳመጣጥን) ሁልጊዜ ኦክስጅን ላይ ስደርስ ይበላሽብኛል። ቡቴን በኦክስጅን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል የሚለውን አራት ጊዜ ሞክሬ አልመጣልኝም። ከየት ልጀምር?
*አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ*

መልስ፦ ኦክስጅን እዚህ ሦስት ቦታ ይገኛል፤ በግራ ብቻውን፣ በቀኝ ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይዱም በውሃውም ውስጥ። ከእሱ ከጀመርሽ ካርቦኑን ስታስተካክዪ ኦክስጅኑ ይፈርሳል፣ ኦክስጅኑን ስትመልሺ ሃይድሮጅኑ ይፈርሳል፤ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኘውን አስቀድሚ። ከሌላ ጋር ሳይዋሃድ ብቻውን የቆመውን ለመጨረሻ ተዪው፤ የእሱን የፊት ቁጥር፣ ማለትም ከፎርሙላው ፊት የሚጻፈውን ቁጥር፣ ብትቀይሪ ሌላውን አይነካም።

የቡቴን አንድ ሞሎኪውል 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። አንድ ቡቴን ብለሽ ጀምሪ። 4 ካርቦን ስላለ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ውሃ 2 ሃይድሮጅን ስለሚይዝ ከ10ሩ 5 ውሃ ይወጣል። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ቁጠሪ፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8፣ ከውሃው 5፣ በድምሩ 13። በግራ ያለው ኦክስጅን ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ 13 ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ነው። አራት ጊዜ ያስቆመሽ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሳትፈሪ በኦክስጅኑ ፊት ስድስት ተኩል ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ ሁሉንም የፊት ቁጥሮች በ2 አባዢ፦

2 ቡቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውሃ

ካርቦን በሁለቱም ወገን 8፣ ሃይድሮጅን 20፣ ኦክስጅን 26 ይሆናል። የሚዘነጋው አንድ ነገር ኦክስጅን ላይ ብቻ 13 ጽፎ ሌላውን ሳያባዙ መተው ነው። በተረፈ ተኩል ራሱ ስህተት አይደለም፤ አንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞሎኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ) ቡቴን ሲቃጠል የሚወጣውን ሙቀት ለማስላት ሆን ተብሎ እንዲሁ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ልጄን አስጠናለሁ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሲሰጡ በቀኝ በኩል አንድ ኦክስጅን ጎደለ ብሎ የውሃውን ኦክስጅን በግርጌው 2 አደረገው። አቶሞቹ እኩል ወጡ፤ ለምን ስህተት ተባለበት? ደግሞስ በትክክለኛው መልስ በግራ 3 ሞሎኪውል፣ በቀኝ 2 ብቻ ነው ያለው፤ ይህ እንዴት ተመጣጠነ ይባላል?
*አንድ አባት*

መልስ፦ ልጅዎ የጻፈው ውሃ አይደለም። 2 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ያለው ሞሎኪውል ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ጸጉር የሚያነጣና ጀርም የሚገድል ሌላ ንጥረ ነገር። ከአቶሙ ምልክት ግርጌ የሚጻፈው የግርጌ ቁጥር የንጥረ ነገሩ ማንነት ስለሆነ ፎርሙላው አንዴ በትክክል ከተጻፈ በኋላ አይነካም። በእጃችን ያለው የፊት ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ስንት ሞሎኪውል እንዳለ ይናገራል፦ 2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን → 2 ውሃ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እኩል መሆን ያለበት የሞሎኪውል ብዛት ሳይሆን የየዓይነቱ አቶም ብዛት ነው። በሪአክሽን ጊዜ ሞሎኪውሎች ይፈርሳሉ፣ አቶሞቹ ግን ሌላ ቅንጅት ይይዛሉ እንጂ አይጠፉም። በሚዛን ሲታይ 4 ግራም ሃይድሮጅንና 32 ግራም ኦክስጅን 36 ግራም ውሃ ይሰጣሉ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ያሰፈረው ሕግ ይኸው ነው። 2 እና 1 የሚሉት የፊት ቁጥሮች ግራም እንዳልሆኑም ልጅዎ ከዚሁ ሊያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰልፌትን፣ ናይትሬትን እንደ አንድ ነገር ቆጥሬ ነው የማመጣጥነው፤ ብዙ ጊዜ ይሠራልኛል። መዳብ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ግን አልሠራም። ውጤቶቹ መዳብ ናይትሬት፣ ናይትሮጅን ሞኖክሳይድና ውሃ ናቸው።
*አንድ የኮሌጅ ተማሪ*

መልስ፦ ሰልፌትና ናይትሬት የአቶሞች ቡድን ናቸው፤ ዘዴህ የሚሠራው ቡድኑ ሳይፈርስ ወደ ቀኝ ሲሻገር ነው። አንድ አሉሚኒየም ሰልፌት ከ3 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር 2 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና 3 ካልሲየም ሰልፌት ይሰጣል፤ ሰልፌቱ 3 በ3፣ ሃይድሮክሳይዱ 6 በ6፣ ሁሉም ሙሉ እንደሆነ አልፏል። አንተ ባነሳኸው ሪአክሽን ግን ከናይትሬቱ ከፊሉ ፈርሶ ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ ሆኗል። አሲዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መዳቡን ኦክሲዳይዝ ያደርጋል (ኤሌክትሮን ይወስድበታል)፣ ለመዳቡ አዮንም (ኤሌክትሮን አጥቶ ቻርጅ ለያዘው መዳብ) ናይትሬት ያቀርባል።

እንዲህ ሲሆን ከኤሌክትሮን ጀምር። መዳብ በኦክሲዴሽን ቁጥሩ (የኤሌክትሮን ሂሳብ መያዣ ቁጥር ነው) ከ0 ወደ +2 ሲሄድ 2 ኤሌክትሮን ይሰጣል። ናይትሮጅን ከ+5 ወደ +2 ሲወርድ 3 ይቀበላል። የሚሰጠውና የሚቀበለው የሚገናኙት 6 ላይ ነው፤ ስለዚህ 3 መዳብና 2 ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ ይሆናል። 3 መዳብ ናይትሬት 6 ያልፈረሰ ናይትሬት ይይዛል። የፈረሱት 2 ሲደመሩ ናይትሪክ አሲዱ 8 ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የፈረሱትን 2 ብቻ ቆጥሮ 6ቱን ይረሳል። ከ8 ሃይድሮጅን 4 ውሃ ይወጣል፦

3 መዳብ + 8 ናይትሪክ አሲድ → 3 መዳብ ናይትሬት + 2 ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ + 4 ውሃ

ለማረጋገጥ ኦክስጅንን ቁጠር፤ በግራ 24፣ በቀኝ 18 ሲደመር 2 ሲደመር 4። ይህ በውሃ ለቀጠነ፣ ለቀጭን አሲድ ነው። አሲዱ ወፍራም ከሆነ የሚወጣው ቡናማው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቁጥሮቹም 1፣ 4፣ 1፣ 2፣ 2 ይሆናሉ። ከማመጣጠንህ በፊት የትኛው አሲድ እንደተባለ አንብብ።

ጥያቄ፦ መዳብና የብር አዮን፣ የመዳብ አዮንና ብር ይሰጣሉ። አቶሞቹ ከመጀመሪያውም እኩል ናቸው፤ ግን አልተመጣጠነም ተባልኩ።

መልስ፦ ቻርጁን (የኤሌክትሪክ ሙሉን) ይቁጠሩ። በግራ የብር አዮን +1፣ በቀኝ የመዳብ አዮን +2 ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን የደረሰበት አልታወቀም። ከመዳቡ የወጡትን 2 ኤሌክትሮኖች የሚቀበሉ 2 የብር አዮኖች ያስፈልጋሉ፦ 1 መዳብ + 2 የብር አዮን → 1 የመዳብ አዮን + 2 ብር። አሁን በሁለቱም ወገን ቻርጁ +2 ነው።